ከሳጥኑ ላይ የተነሳው ኮፍያ

ሽማግሌው ጓዳ ውስጥ ከመሰላሉ ስር ተዘርረው ተገኙ። ቀኝ እጃቸው ተቃጥሏል፤ ከበላያቸው የተላጠ ሽቦ ተንጠልጥሏል። ዕድሜ ልካቸውን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ።

ከቀብር በኋላ መርማሪው ተመልሶ መጣ። ጡረታው ተቃርቧል፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ኪሱን ይዳብሳል።

«አባዬ መብራቱን ከቆጣሪው ማጥፋት ረስቶ ነው» አለች ልጃቸው። «ዘንድሮማ የኔንም ስም ይስት ነበር። ከኋላ ከኋላው እየሄድኩ የረሳውን የማነሳው እኔ ነኝ።»

«እርጅና ብቻውን አይመጣም» አለ ባሏ። አምፖል ለማስቀየር እንኳ ጎረቤት የሚጠራ፣ ኮሪደሩ ላይ ያለውን የቆጣሪ ሳጥን ርቆ የሚያልፍ ሰው ነው።

ጎባጣዋ የሟቹ ባለቤት መርማሪውን ወደ ጥግ ሳቡት።

«ልጄ፣ እሱ ማጥፋት አይረሳም። አጥፍቶ ኮፍያውን ሳጥኑ ላይ ይሰቅላል፤ ‹ሰው ሽቦ ላይ ነው፣ አትንኩ› ማለቱ ነው። እኔ ነኝ የምረሳው። ሲሠራ የሚያፏጨው ፉጨት አሁንም ይሰማኛል፤ ‹አንቺ ነሽ ያበራሽው?› የሚለኝ ይመስለኛል። አብርቼ ረስቼው ብሆንስ?»

መርማሪው ቀና ሲል ኮፍያውን በሩ አጠገብ፣ ከፍ ካለው መስቀያ ላይ አየው። አውርዶ አገላበጠውና ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበ።

«ስም መሳት፣ ዕቃ የት እንዳስቀመጡ መርሳት የዕድሜ ነው» አለ፤ መነጽሩንም ግንባሩ ላይ አገኘው። «እጅ ዕድሜ ልኩን የለመደውን ግን በቀላሉ አይረሳም። አስከሬናቸው ሲገኝ ጸጉራቸው ከጣሪያው የረገፈ ኖራ ለብሶ ነበር፤ ኮፍያው ግን ንጹሕ ነው። ሥራ ሳይጀምሩ አውልቀው ሳጥኑ ላይ ሰቅለውታል ማለት ነው። መብራቱንም አጥፍተዋል። ያበራው ኮፍያውን ከዚያ ያነሳው ሰው ነው። መስቀያው ላይ እትዬ አይደርሱም። አማችየው ሳጥኑን አይጠጋም። ከኋላቸው እየሄደ የረሱትን የሚያነሳ የቀረው አንድ ሰው ነው።»

ልጅቷ መሬት መሬቱን አየች።

«ከሥራ ስገባ ፍሪጁ ዝም ብሏል። ሰሞኑን ኮፍያውን አንዴ መታጠቢያ ቤት፣ አንዴ ምድጃ ላይ ነበር የማገኘው። ረስቶት መሰለኝ። መልሶ ማብራቱንም የረሳ መሰለኝና አበራሁት። አንዴ ‹አባዬ› ብዬ ብጣራ ኖሮ...»

«እኔ ነኝ የገደልኩት እያልኩ ሳለቅስ እያየሽኝ?» አሉ እናቷ።



አሮጊቷ ኮፍያውን ከመርማሪው እጅ ተቀበሉ። ኮሪደር ወጥተው መብራቱን አጠፉና ኮፍያውን ሳጥኑ ላይ ሰቀሉት። ቤቱ ጸጥ አለ። ቆመው አዳመጡ፤ ፉጨቱ የለም።

ልጅቷ ግን ሁለቱንም ጆሮዎቿን በእጆቿ ደፍና ነበር።