«ጎረቤትዎ ፈርመዋል»

«እንኳን ደስ አለዎት!» አለ ሰውዬው፣ ማንም ሳይጋብዘው በርጩማ ስቦ እየተቀመጠ። «የሐረር ምርጥ ልብስ ሰፊ ተብለው ተመርጠዋል!»

ኑሰይባ ዩኒፎርም መስፋቷን አቆመች። አባቷ አቶ ዑበይድ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ።

«ማን መረጠኝ?»

«ሕዝቡ ነዋ! ዋንጫ አለው፣ በቲክቶክ ይለቀቃል፣ ማሻአላህ!»

«ማሻአላህ»ን ጠዋት አጥንቶ የመጣ ይመስላል፤ በየንግግሩ ጫፍ እንደ ቁልፍ ይተክላታል። ኑሰይባ የኮቱን ብብት አየች፤ ተጣሞ ተሸብሽቧል። ስፌት መራጩ ይህ ነው እንግዲህ!

«ሽልማቱ ነጻ ነው። የሚከፈለው ለማስታወቂያው ብቻ። እስከ ማታ ካልፈረሙ ግን ለሌላ ይሰጣል።»

«ነጻ ከሆነ ለምን እንከፍላለን?» አለች ኑሰይባ።

«ቆንጆ፣ ይሄ የትልቅ ሰው ወሬ ነው።» ወደ አባቷ ዞረ። «ፊት ለፊት ያሉት ጎረቤትዎ እንኳ ፈርመዋል።»

«አባ ባሕሩዲንም ምርጥ ናቸው? ምርጡ ስንት ነው?» አለች ኑሰይባ።

ሰውዬው እንዳልሰማ ሆነ። አባቷ ግን የጎረቤታቸውን ስም ሲሰሙ ወደ ማዶ አዩ። መኪና ግርግር በሚባለው በዚህ የሐረር መንገድ ልብስ ሰፊዎች ደጅ ለደጅ ተቀምጠው ስለ ልጅ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ ሲጫወቱ ይውላሉ፤ የጎረቤትን ገበያ መጠየቅ ግን ነውር ነው። ሰውዬው ይህን ከሆነ ቦታ ለቅሟል። የሰውን ጨዋነት መሰላል አድርጎ ጓዳው የሚገባ ሌባ!

አቶ ዑበይድ ኑሰይባ የምትሰፋበትን የስፌት መኪና አዩ። «ይህቺን ብንሸጣት...» አሉ በቀስታ።

ኑሰይባ መኪናዋን በሁለት እጇ ያዘች። ስፌት የተማረችው በዚህች መኪና ነው።

አዛን ተሰማ። «ሰግጄ ልምጣ» ብለው አባቷ ወጡ። ሰውዬው ወዲያው ማሻአላሁን ጣለ።

«ስሚ፣ ፋዘርን አሳምኚልኝ፣ አንቺንም ቪዲዮው ላይ አወጣሻለሁ። ፋራ አትሁኚ።»

«አባ ባሕሩዲን እውነት ፈርመዋል?»

«ሄደሽ ጠይቂያቸዋ!» ብሎ ሳቀ። እንደማትጠይቅ እርግጠኛ ነበር።

ኑሰይባ ማዶ ተመለከተች። ባሕሩዲን ወደዚህ ሲያዩ ቆይተው ቶሎ አቀረቀሩ። ተነስታ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀች።

«ኧረ ወዴት? ነውር አይደለም እንዴ?» የሰውዬው ሳቅ ጠፋ።

«ነውር ነው» አለች፤ መንገዱንም ተሻገረች።

አፏን ሳትከፍት ባሕሩዲን በርጩማ ገፋ አደረጉላት። ፊታቸው በሐፍረት ቀልቷል።

«ልጄ፣ አይጠየቅም እንጂ... አባትሽ እውነት ፈረመ?»

ኑሰይባ ተቀመጠች።

«አልፈረሙም፤ ለእኛም እርስዎ ፈርመዋል ነው ያለን። አባቴ ከመስጊድ ሲመለሱ እዚሁ እንጥራቸው» አለች።