ወድቃ የሚለው መዝገብ

ይህ የፈጠራ ወሬ አይደለም። በዓይኔ ያየሁት ነው፤ በእጄም የወለወልኩት። ማመን ያልፈለገ ይተወው። እኔ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ቋጥሬው ኖሬያለሁ።

ቂሜ ከአንዲት ቃል ጋር ነው።

«ወድቃ።»

1959 ዓ.ም.፣ ታኅሣሥ ወር፣ ኮልፌ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ዘመነች እባላለሁ። የሰፈራችን ክሊኒክ ጠራጊ ነበርኩ። ፊደል ከቄስ ዘንድ ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ አቋርጫለሁ። ቁስል የሚያጥበው፣ መርፌ የሚወጋው፣ መዝገቡን የሚጽፈው ድሬሰር መሸሻ ነው። ሰፈሩ «ሐኪም» ይለዋል። እሱም አይደለሁም አላለም።

ያን ቀን ጎረቤታችን ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ አንዲት ልጅ ይዛ ገባች። ዕድሜዬን ሙሉ አንቱ ስላት ኖሬያለሁ፤ እዚህ ላይ ግን አልላትም።

ልጅቷ ብርቱካን ትባላለች። ቢበዛ ስምንት ዓመቷ ነው። «ላሳድጋት» ብላ ከገጠር ያመጣቻት ናት።

ክንዷ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል...

አታለቅስም።

ድሬሰሩ «ምን ሆና...» ብሎ ሳይጨርስ ልጅቷ ራሷ መለሰች።

«ወደቅኩ።»

አሳዘነችኝና ጎንበስ አልኩላት። «ስምሽ ማን ነው የኔ እናት?»

«ወደቅኩ።»

ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ሳቀች። «ሰው አልለመደችም እኮ!»

ድሬሰሩም ሳቀ። በመዝገቡም ጻፈ። ብርቱካን፤ ወድቃ።

በወሩ ተመልሰው መጡ። ጀርባዋ ላይ የገመድ ሰንበር አለ፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብሯል።

«ወደቅኩ።»

ጻፈ። ወድቃ።

ሦስተኛው የካቲት ላይ ነው።

ልጅቷ በተረከዟ እየሄደች ገባች። በተረከዟ ብቻ... ጣቶቿ ወደ ላይ ተቀስረዋል። ሲያስተኛት ውስጥ እግሯን አየሁት።

ካውያ ነው። አፍንጫው ሳይቀር ታትሞበታል።

ድሬሰሩን በእጅጌው ጎትቼ ከመጋረጃው ጀርባ አስገባሁት።

«ጋሼ መሸሻ፣ ይሄ መውደቅ ነው?»

«ቀስ በይ፣ ትሰማለች።»

«ለፖሊስ ወረቀት ይጻፉ። ያ በጩቤ የተወጋው ሰውዬ ሲመጣ ጽፈው የለም እንዴ?»

«እሱ የመንገድ ጠብ ነው። ይሄ የሰው ቤት ነው።»

«ትገድላታለች እኮ!»

«የሚካኤል ማኅበርተኛዬ ናት። ባንድ ጽዋ ጠጥቼ ከሳሿ ልሁን? አንቺ ጠራጊ ነሽ። ጥረጊ።»

ጠረግኩ።

ከቁስሏ ወርዶ ተረከዟ ያተመውን ደም ከሲሚንቶው ላይ እኔው በእጄ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት። ልጅቷ ስወለውል ታየኛለች። ጨርሼ ስነሣ ብቻ ቀና ብላ ፊቴን አየችኝ...

ከዚያ ወዲያ አልመጣችም።

ወይዘሮ ወርቅአፈራሁን መንገድ ላይ አገኘኋትና ጠየቅኳት።

«አገሯ ገባች። እናቷ ናፍቃት።»

እሺ አልኩ። ምን ልበል?

ግን በዚያው ሳምንት የጓሮዋን የውሃ ጉድጓድ በቆርቆሮ ከድና ድንጋይ ጫነችበት። «ውሃው መረረን» ብላ ከቦኖ ማስቀዳት ጀመረች። ስንት ዓመት የጠጣችው ውሃ ባንድ ቀን መረረ?

ከሳምንት በኋላ ነው የጀመረኝ።

ክሊኒኩን ጧት ስከፍት፣ ማታ ወልውዬ ያደረቅኩት ወለል ላይ ሁለት ትንንሽ ተረከዞች...

እርጥብ ናቸው። በደረቅ በጋ።

ከበሩ ተነሥተው መዝገቡ ያለበት ጠረጴዛ ፊት ይቆማሉ። ጣት የላቸውም።

ስወለውላቸው ለነገው ይመለሳሉ። ለማን እነግራለሁ? ጠራጊ ነኝ። ሰባት ዓመት ወለወልኩ።

1966፣ ጥር። ድሬሰሩ የድሮ መዝገቦችን አሸክሞኝ «ጓሮ ወስደሽ አቃጥያቸው» አለኝ።

ክብሪቱን ጫርኩ። ከዚያ አጠፋሁት። የ59ኙን ገለጥኩና እንደ ልጅነቴ እያንዳንዷን ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩ።

ብ... ር... ቱ... ካ... ን። ወድቃ።

ብርቱካን። ወድቃ።

ብርቱካን። ወድቃ።

ሦስት መሆን ነበረበት። አራተኛ አለ።

«ብርቱካን። ወድቃ። ጉድጓድ። ቤታቸው ሄጄ አየሁ፤ ሞታለች።»

በድሬሰሩ እጅ ነው የተጻፈው። ልማዱ አስጽፎት፣ ኋላ ደንግጦ በአንድ መስመር ሰርዞታል። ስርዙ ግን ያስነብባል።

ያውቅ ነበር።

መዝገቡን ነጠላዬ ውስጥ ሸጉጬ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ገባሁ። አሥር አለቃ ዱባለ የሚባል ልጅ እግር ተቀበለኝ። አገላብጦ አየው።

«እና ምን ብዬ ልጻፍ? ወድቃ?»

«ያን ቃል እንዳትጽፍ! ጣለቻት በል።»

«አይተሻል?»

«ቁስሏን አይቻለሁ። ደሟን ጠርጌያለሁ።»

ብዕሩን አነሣ። «ጠርጌያለሁ ካልሽ አንቺም ትጠየቂበታለሽ።»

«ልጠየቃ። ጻፈው ልጄ።»

ጻፈው። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሴትዮዋ ጓሮ ቆምን። ሁለት ፖሊሶች ድንጋዩን አንከባለሉ። ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ደጃፏ ላይ ቆማለች።

«ባዶ ነው። ከደረቀ ስንት ዘመኑ!» አለች፤ ወደ እኔም ዞራ «አንቺ ጠራጊ፣ ቆይ ብቻ!»

ቆርቆሮው ተነሣ። አሥር አለቃው ባትሪ አበራ። እውነቷን ነው፤ ጠብታ ውሃ የለበትም። ታች አፈሩ ላይ የነተበች የልጅ ቀሚስ አለች። ከቀሚሷ ሥር የሚነጣ ነገር...

እኔ ተንበረከክሁ። ምን እንዳስጠየቀኝ አላውቅም።

«ስምሽ ማን ነው የኔ እናት?»

ከዚያ ከታች፣ ቀስ ብሎ፣

«ጣለችኝ።»

የአሥር አለቃው ባትሪ ጉድጓዱ ውስጥ ወደቀ። እኔ ዞሬ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁን አየኋት። እሷ ግን እኛን አታይም። መሬቱን ነው የምታየው።

ከጉድጓዱ አፍ እስከ ደጃፏ፣ በደረቁ አቧራ ላይ፣ ትንንሽ እርጥብ ተረከዞች...

የሴትዮዋ ቀሚስ ጫፍ ሥር ገብተው ቆመዋል።

የተመለሰ ዱካ ግን የለም።