ቀጥ ያለው መስመር

ዝናሽ በነርስነት ትምህርቷ የተግባር ሰዓት ታካሚ መሆን ነበር የምትወደው። ሌሊቱን ዳቦ ቤት ስትሠራ አድራ ስለምትመጣ፣ ጓደኞቿ የኢሲጂ ማሽኑን ገመዶች በደረቷና በእጅ በእግሯ ላይ እያያዙ የልብ ምቷን በወረቀት ላይ በመስመር ማንሳት ሲለማመዱ እሷ አልጋው ላይ እንቅልፏን ትተኛለች። ለእነሱም ተመቻቸው፣ ለእሷም ተመቻት። ነገ ግን የብቃት ምዘና ነው። ካለፈች አንድ ክሊኒክ ሊቀጥራት ቃል ገብቶላታል፤ ከወደቀች ያው ወደ ምድጃው ነው። እጇ ደግሞ እስከ ዛሬ አንድም ገመድ ነክቶ አያውቅም።

በምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ አስተማሪዋ ሲስተር ጥሩአየር የመለማመጃ ክፍሉን ቁልፍ ሰጧት። «መስመሩ ቀጥ ካለብሽ ታካሚውን አትጠርጥሪ፤ እጅሽን ጠርጥሪ» ብለዋት ሄዱ።

ክፍሉ አልኮልና ዝናብ የነካው ጋቢ ይሸታል። የሐምሌ ዝናብ የደብረ ብርሃንን ቆርቆሮ ይደበድባል። መጋረጃውን ስትገልጥ አንድ ሽማግሌ ሸሚዛቸውን ከፍተው አልጋው ላይ ተጋድመዋል።

«ሲስተር ናቸው የላኩዎት አባባ?»

«ስጠብቅ ነበር ልጄ» አሉ።

በሩን ራሷ በቁልፍ እንደከፈተችው ትዝ አላት፤ ግን ድካሙ ሐሳቧን እስከ መጨረሻው እንድትከተለው አልፈቀደላትም። ገመዶቹ የሚያያዙበትን ጄል ደረታቸው ላይ ቀባች። ገላቸው ከጄሉ ይቀዘቅዛል። የአገሩ ብርድ ነው አለች በልቧ። ማሽኑ እያጉረመረመ ወረቀቱን ሲተፋ መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጣ። ነቅላ እንደገና አያያዘች። ቀጥ። ማሽኑ ተበላሽቶ እንደሆነ ብላ ገመዶቹን በገዛ ደረቷ ላይ አያያዘች፤ ያ የምታውቀው ወጣ ገባ መስመር ተሳለ። ወደ ሽማግሌው ስትመልሳቸው ግን ያው ቀጥ። እጄ ነው፣ የኔ የማይረባ እጅ ነው እያለች አለቀሰች። ደረታቸው ከፍ ዝቅ እንደማይል አየችና ዓይኗን መለሰች።

«በጣም ደክሞሻል» አሉ ሽማግሌው። «ነይ ጋደም በይ፤ እኔ ላሳይሽ። ስንቱ ተለማምዶብኛል።»

እምቢ ማለት ነበረባት። ግን አልጋ ነው፤ እሷ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ አልተኛችም። ሽማግሌው የተነሱበት አንሶላ ሰው የተኛበት አይመስልም፤ በረዶ ነው። ጣቶቻቸው ቦታውን ሳይፈልጉ አንድ በአንድ አያያዙ። ማሽኑ ተነሳ። በእንቅልፍና በንቃት መሀል የልብ ምት ሰማች፤ ድምፁ ግን ከእሷ ሳይሆን ከአልጋው ማዶ ነው የሚመጣው። ሽማግሌው ፊታቸው ቀልቶ፣ ገመዶቹን ነቅለውላት፣ ሸሚዛቸውን ቆልፈው፣ ሲተነፍሱ አፋቸው እየጨሰ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ።

ተማሪዎቹ ከምሳ ሲመለሱ «ዝናሽ ዛሬም ተኝታለች!» ብለው ሳቁ። ጓደኛዋ ብርቄ እጅጌዋን ሰብስባ ገመዶቹን አያያዘችላት። መስመሩ ቀጥ አለ። ሲስተር ጥሩአየር ከበሩ ሆነው ዞር ሳይሉ «እጅሽን ጠርጥሪ» አሏት።

ብርቄ ነቀለች፣ መልሳ አያያዘች። ግንባሯ በላብ ራሰ፤ ነገ ምዘናው ለእሷም ነው። ሌሎቹ ሰልችቷቸው ወደ ሌላው ክፍል ሄዱ። ዝናሽ «ሂጂ፣ ውጪ» ልትላት ፈለገች። ብርዱ ግን አጥንቷ ድረስ ገብቷል፣ ደረቷ ውስጥ የሚመታ ነገር የለም፣ ነገም ፈተና አለባት።

«አይዞሽ እህቴ» አለቻት ቀስ ብላ፣ «በጣም ደክሞሻል፤ ነይ ጋደም በይ።»