ውሃ የነበረበት ታንከር

ሟቹ መዶሻውን እንደ ጨበጠ በጀርባው ተንጋሏል። ፊቱን በብየዳ መጋረጃ ሸፍነውለታል፤ የሸፈነው ሰው ወዲያው ወደ ውጭ ሮጦ አስመልሶታል አሉ። ከአጠገቡ ትልቁ የብረት ታንከር እንደ አሮጌ ጆንያ ከስፌቱ ተተርትሮ ቆሟል። ክዳኑ ቦታው ላይ የለም፤ የጣሪያውን ቆርቆሮ በስቶ ወጥቷል።

ኢንስፔክተሯ ቀዳዳውን ቀና ብላ አየችው። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች አይደለም፤ አንዴ ከገባች ክሩን ሳትስብ ስለማትወጣ ነው።

«ይሄ ምኑም አያደናግርም» አላት የወርክሾፑ ኃላፊ፣ ወፍራም እጁን እያሻሸ። «ታንከር የሚፈተነው በውሃ ነው። ልጁ ግን ቸኮለና ውሃውን ለቆ በኮምፕሬሰር አየር ሞላበት። ‹በራሱ ጥፋት› ብለሽ ጻፊና ሥራችንን እንቀጥል።»

«ሌላ ሰው ውሃውን ሊለቀው አይችልም?»

«አይችልም። የማስወጫው ቧንቧ በጓጉንቸር ይቆለፋል። እዚህ ቤት ሕጉ አንድ ነው፤ የፈተነ ይቆልፋል፣ መክፈቻውን ኪሱ ይከታል። መክፈቻው አሁንም ሟቹ ኪስ ውስጥ ነው፤ ጓጉንቸሩም ሳይሰበር እንደ ተቆለፈ ነው። እይው!»

አየችው። እውነቱን ነው። ጓጉንቸሩን አስፈታችና ከመክፈቻው ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ወርክሾፑ ውስጥ ሦስት ተለማማጆች ነበሩ። ሟቹ በሜካኒካል ምህንድስና ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ነው። ሁለተኛው የክፍል ጓደኛውና የቤት ተጋሪው ሲሆን፣ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ስለማይነጣጠሉ «መንታው» ይሉታል። ሦስተኛዋ ፊዚክስ ያጠናች ልጅ ናት፤ «ፊዚክሷ» ትባላለች። ሦስቱም ያለ ደሞዝ ነው የሚሠሩት። ኃላፊው ከመካከላቸው አንዱን እንደሚቀጥር ነግሯቸዋል፤ በዚያች በአንዷ ቦታ ተስፋ ጧት እየገቡ ማታ ይወጣሉ።

መርፌ መጀመሪያ ያነጋገረችው ፊዚክሷን ነው።

«ውሃና አየር ምን ለያቸው? ግፊቱ አንድ ከሆነ።»

«ውሃ አይታመቅም። ብረቱ ቢሰነጠቅ ጠብ ጠብ ይላል እንጂ ሰው አይጎዳም። አየር ግን ታምቆ ይቀመጥና መውጫ ሲያገኝ ቦምብ ነው።»

«ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ!» አለች መርፌ።

ልጅቷ ፈገግ ልትል ቃጣት፤ ከዚያ መጋረጃውን አየችና ማልቀስ ጀመረች። «በምሳ ሰዓት ታንከሩን ከበየደው በያጅ ጋር ምሳ ቤት ነበርን። ኮምፕሬሰሩ ሲንደቀደቅ እዚያ ድረስ ይሰማ ነበር። ‹ይሄ ልጅ አይርበውም እንዴ!› ብለን ሳቅንበት።»

በያጁ ቃሏን አጸናላት፤ እሱ ግን በቁጣ ነው። «አዎ፣ ከሟቹ ጋር ተሰዳድበናል። ‹ብየዳህ ተሰንጥቋል› አለኝ። ቢያፈስስ ምን እሆናለሁ? ደግሜ እበይደዋለሁ፣ አለቀ! ለዚህ ሰው ይገደላል?»

«ስንጥቁን እንዴት ይፈልገው ነበር?»

«አልዋሽም፣ ጎበዝ ነበር። ጆሮውን ከብረቱ ላይ ለጥፎ በመዶሻ መታ መታ ያደርጋል። ሁላችንም እናውቃለን።»

ኃላፊው በምሳ ሰዓት ቢሮው ውስጥ ከሒሳብ ሹሙ ጋር ሲጨቃጨቅ ነበር፤ ሒሳብ ሹሙም መስክሮለታል። መንታው ብቻውን ነበር።

«አሞኝ ቤት ሄጄ ጋደም ብዬ ነበር» አለ፤ ዓይኑ ደም መስሏል። «እኔ እኮ ወንድሜን ነው ያጣሁት።»

«ለምን ያህል ጊዜ ሥራ ፈለጋችሁ?»

«ከተመረቅን ጀምሮ። የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆመን ነው ያረጀነው። ‹ልምድ ያለው› ይላል። ልምዱ የት ነው? ሥራ ቦታ። ሥራውስ ለማን ነው? ልምድ ላለው።»

«እዚህስ ቦታው ለማን ይደርስ ነበር?»

«ለሱ ነዋ። መቼም ለሱ ነው» አለና መንጋጋውን ገጠመ።

በማግስቱ የሟቹ አባት ደረሱ። ወርክሾፑ በር ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጠው፣ መንታው ትከሻቸውን ደግፎ አገኘቻቸው። መርፌ መንታውን ውሃ እንዲያመጣላቸው ላከችውና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ልጄ፣ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው» አሏት። «መሞቱን እግዜር ያውቃል። ሳያውቅ ሞተ፣ ባለማወቁ ራሱን ገደለ ግን አይበሉብኝ። እኔ ከማወቁ በቀር ከሱ ያተረፍኩት ነገር የለም።»

መርፌ እንዲህ ያለ ልመና ሰምታ አታውቅም። «አባባ፣ መጨረሻ መቼ አነጋገሩት?»

«የዚያኑ ዕለት፣ በምሳ ሰዓት። ምሳ ሰዓቱን ሙሉ ስናወራ አለቀ። ‹ታንከሩን ውሃ ሞልቼ ቆልፌ ወጣሁ፤ ስመለስ እፈትሸዋለሁ› አለኝ።»

«ከበስተጀርባው የሞተር ድምፅ ነበር?»

«ኧረ ምንም! ወፍ ሲንጫጫ ነበር። ዛፍ ሥር ተቀምጫለሁ ብሎኛል። ‹ድርጅቱ ለተለማማጅ ጓጉንቸር ስለማይሰጥ፣ አንተ ለቤታችን በገዛህልን በአሮጌው ነው የምቆልፈው› ብሎ ሳቀብኝ። አዬ ልጄ!»

መርፌ ብድግ አለች። ከሰዓት በኋላ ሁሉንም የተቀደደው ታንከር ዙሪያ ሰበሰበቻቸው፤ መንታው ዳግም የአባትየውን ትከሻ ደግፎ ቆሟል።

«ከመዶሻው እንጀምር» አለች። «በያጅ፣ ታንከሩ የታመቀ አየር እንዳለው ብታውቅ ጆሮህን ትለጥፍበታለህ?»

«አብጃለሁ? ከግድግዳ ጀርባ ነው የምገባው!»

«ከክፍሉ አንደኛ የወጣው ልጅስ?»

በያጁ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

«ጆሮውን የለጠፈው ውሃ ነው ብሎ ስላመነ ነው። የሞላው ውሃ ነበራ። ኮምፕሬሰሩ ሲንደቀደቅ እሱ ዛፍ ሥር ከአባቱ ጋር ያወራ ነበር። አየሩን የሞላው ሌላ ሰው ነው።»

«ጓጉንቸሩስ?» አለ ኃላፊው። «ሰይጣን ነው የከፈተው?»

«ሰይጣን መክፈቻ አያሻውም። አባባ፣ ለቤታቸው የገዙት ጓጉንቸር ስንት መክፈቻ ነበረው?»

«ሁለት» አሉ ሽማግሌው። «አንዱ ለልጄ፣ አንዱ ለ…»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ትከሻቸው ላይ የነበረው እጅ ተነሥቶ ነበር።

«የመክፈቻ ዘለላህን ስጠኝ» አለች መርፌ።

መንታው ወደ በሩ ተመለከተ፤ በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል። ዘለላውን አወጣ። ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ እንዲሉ፣ ከአዲሱ የቤት መክፈቻ ጎን የአሮጌው ጓጉንቸር መክፈቻ ተንጠልጥሏል። ለመጣል እንኳ አላሰበበትም፤ ሰው ለዓመታት ኪሱ ውስጥ የኖረን ነገር አያየውም። መርፌ ከቦርሳዋ ጓጉንቸሩን አውጥታ ሞከረችው። ቀጭ ብሎ ተከፈተ።

«ውሃውን ለቀቅክ፣ አየሩን ሞላህ፣ የግፊት መለኪያው እሱ የተወው ቁጥር ላይ ሲደርስ መልሰህ ቆለፍክ። የቀረውን መዶሻው እንደሚጨርስልህ ታውቅ ነበር። ስንጥቁንም ነግሮሃል፤ አብራችሁ ነው የምታድሩት።»

«አዎ፣ ነግሮኛል» አለ መንታው፤ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። «ሁሉን ነገር ይነግረኛል። አምስት ዓመት እሱ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ። ‹አይዞህ› ይለኛል ደግሞ! ‹አይዞህ› ባለኝ ቁጥር ሆዴ ይቃጠል ነበር። አንድ ቦታ ነው ያለው። አንድ! እሱ ሌላ አያጣም፤ እኔ ይሄ ካመለጠኝ አለቀልኝ።»

«የትኛው ቦታ?» አለ ኃላፊው።

ሁሉም ዞረው አዩት። ኃላፊው ከልቡ ግራ ተጋብቶ ነበር።

«ቅጥሩን ነው የምትለው? እሱ እኮ ከተያዘ ከረመ። ዋናው መሥሪያ ቤት ሰው መድቧል፤ በሚቀጥለው ወር ይገባል።»

መንታው ወደ ኃላፊው አንድ እርምጃ ተራመደ። «ታዲያ እኛን… ለምን አቆየኸን?»

«ታንከሮቹን ማን ይፈትሽልኝ?»

ፖሊሱ መንታውን በካቴና አሰረው። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ «አባባ…» አለ።

«አባባ አትበለኝ» አሉ ሽማግሌው። ወደ መርፌ ዞሩ። «ልጄ አልተሳሳተም፣ አይደል?»

«አልተሳሳተም፣ አባባ። አንድም ስሕተት የለበትም።»

«ይሄን ጻፊልኝ» አሉና መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ። መርፌ አብራቸው ቁጭ አለች።

ኃላፊው ሰዓቱን አየ። ከዚያም ወደ ፊዚክሷ ተጠግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሁለተኛው ታንከር አልተፈተነም። ነገ ትገቢያለሽ አይደል?» አላት።

«ቦታው ተይዟል አሉ እኮ።»

«ልምድ ታገኛለሽ።»

ልጅቷ ሽማግሌውን አየች፤ ጣሪያው ላይ ያለውን ቀዳዳም አየች። አንገቷን ደፋች።

«ስንት ሰዓት ልምጣ?» አለች።