ያልቀናው ኮርማ

ዶክተር ናሱሩ ከጋጣው ውስጥ፣ በሩ ስር በግንባሩ ተደፍቶ ነበር የተገኘው። ነጭ ጋዋኑ በጎኑ በኩል በደም ርሷል። ከራስጌው «ሚኒስትሩ» የሚሉት ቀይ ኮርማ፣ ሻኛው ተቆልሎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ያመሰኳል።

ኢንስፔክተር ያዲኮ ከንጋውንደሬ ከተማ መጥታ ከመኪናዋ ስትወርድ፣ የከብት ምርምር ጣቢያው ሰዎች ፍርዱን ጨርሰው ጠበቋት። «ኮርማው ወጋው» አሏት። እረኛው ሱሌ ኮርማውን ለማረድ ትእዛዝ እየጠበቀ ነበር።

የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ሃያቱ ሊቀበላት ቀረበ። ሽበቱን በሥርዓት ያበጠረ፣ ድምፁ የረጋ ሰው ነው።

«በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ማዳም። ጎህ ሲቀድ ቢሮዬ መስኮት ላይ ቆሜ ነበር። ያቺ ነጭ ላም ኮርማ ፈልጋ ትጮሃለች። ሚኒስትሩ ሽታዋን ሳበ፤ የላይኛውን ከንፈሩን ገለበጠ፤ መሬቱን በኮቴው ጫረ። ናሱሩ ለምርመራ ደሙን ሊቀዳ ገብቶ በሁለቱ መሃል ቆመ። በቃ! ኮርማ ሲቀና ሰው አይለይም። ሮጬ ስደርስ ነፍሱ ወጥታለች።»

«ስንቴ ወጋው?»

«አንዴ ብቻ።»

ያዲኮ ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ቁስሉ ክብና ጠባብ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ጠልቆ የገባ። ያደገችው ከብት መሃል ነውና፣ ኮርማ አንገቱን ደፍቶ ወደ ላይ እንደሚነቀንቅ ታውቃለች። ቀና ብላ ቀንዶቹን አየች። አቧራና የደረቀ እበት እንጂ ደም የለባቸውም። ከበሩ ውጭ ደግሞ ገለባ ተበትኗል፤ በጫማዋ ጫፍ ገለጥ ስታደርገው ስሩ ደም ነው።

በዚህ መሃል ነጯ ላም ጮኸች። ከጎረቤት ጋጣ ያለው ጥቁር ወይፈን አጥሩን በደረቱ መታው። ሚኒስትሩ ግን ጆሮውን እንኳ አላቆመም። ያዲኮ ለረጅም ጊዜ ቆማ ተመለከተችው።

«ባሌን የበላችው እሷ ናት!» የሚል ጩኸት ከኋላዋ መጣ። የሟቹ ሚስት ዲጃ ናት፤ ሻሿ ወልቆ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል። ያዲኮን እንደ ታላቅ እህት «አዳ» እያለች ክንዷን ያዘች። «አዳ፣ ያቺን የላቦራቶሪዋን ሴት እሰሪልኝ! ማይራሙ ነው ስሟ። እራት ላይ ማይራሙ፣ አልጋ ላይ ማይራሙ! ስመጣ ሹክሹክታቸውን ያቆማሉ። ዛሬም ልይዛቸው ብዬ ነው ተከትዬው የመጣሁት።»

«ያዝሻቸው?»

«ምን እይዛለሁ! ዘበኛው ከውጭው በር አላሳልፍም ብሎኝ ስንጨቃጨቅ ጩኸቱ ተሰማ።»

«ጩኸት ብቻ? ኮርማ ሲያጓራ፣ አጥር ሲሰበር?»

ዲጃ እንባዋን ጠረገች። «የናሱሩን ድምፅ ብቻ።»

ያዲኮ ራሷ ጣውንት ያላት ሴት ናት። ቅናት በስንት መልክ እንደሚመጣ ከቤቷ ታውቃለች፤ የሚጮኸውን ብዙም አትፈራውም።

ማይራሙ ላቦራቶሪው ውስጥ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። የከብቶች ደም እየመረመሩ የመራቢያ ሆርሞናቸውን የሚለኩት እሷና ናሱሩ ነበሩ።

«ወዳጁ ነበርሽ?» አለቻት ያዲኮ ሳትሸፋፍን።

«የሥራ ባልደረባው ነበርኩ። የሚሹክሹኩ ሁሉ አይዋደዱም፣ ማዳም።»

«እና ምን ነበር የምትደብቁት?»

«ለማንም ላልናገር ቃል ገብቻለሁ።»

«የገባሽለት ሰው ሞቷል። ስለዚያ ቀይ ኮርማ ነው፣ አይደል?»

ማይራሙ ደነገጠች። ከዚያ ተነስታ በሩን ዘጋች።

ያዲኮ ከዚያ ስትወጣ የመሣሪያ ክፍሉ እንዲከፈትላት ጠየቀች። ሃያቱ ከወገቡ ቁልፍ አውጥቶ ከፈተ፤ ሌላ ሰው ቁልፍ እንደሌለው በኩራት ነገራት። መደርደሪያው አቧራ ለብሷል። አንድ እጀታ ያለው ሹል ብረት ብቻ ያብረቀርቃል።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«የከብት ሆድ ሲነፋ በስተን የምናስተነፍስበት። ከክረምት ወዲህ አልተነካም።»

ያዲኮ አሸተተችው። ሳሙና ሳሙና ይላል። «እኔ ጋ ይቆይ» አለች።

ከቀትር በኋላ ሁሉንም ከጋጣው አጥር ዘንድ ሰበሰበቻቸው። «ሱሌ፣ ነጯን ላም አምጣት» አለች።

ሱሌ ላሟን በመጀመሪያ በጥቁሩ ወይፈን ፊት አሳለፋት። ወይፈኑ አጓራ፤ አፈሩን በቀንዱ አነሳው፤ አጥሩ ተንቋቋ፤ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። ከዚያ ወደ ሚኒስትሩ ወሰዳት። ላሟ አፍንጫው ስር ቆመች። ሚኒስትሩ አንዴ አያት፣ ፊቱን አዞረ፣ ገለባውን ጎረሰ።

«ምነው ሚኒስትሩ፣ ሥልጣን ለቀቀ እንዴ?» አለ ሱሌ። የሳቀ የለም።

«ማይራሙ፣ ንገሪያቸው» አለች ያዲኮ።

«ዶክተር ናሱሩ የኮርማን የወንድነት ሆርሞን የሚያደክም ክትባት እየሞከረ ነበር፤ ሳይኮላሽ ረጋ እንዲል» አለች ማይራሙ። «ግማሾቹ ክትባቱን፣ ግማሾቹ የጨው ውሃ ተወግተዋል። አይቶ የሚመሰክር ሰው እንዳያዳላ፣ የትኛው ምን እንደተወጋ የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን። ሚኒስትሩ ክትባቱን ተወግቷል። ሆርሞኑ ከወረደ ቆየ።»

ያዲኮ ወደ ሃያቱ ዞረች። «የተኮላሸ በሬም ሰው ይወጋል፤ ስለዚህ ‹ኮርማው ወጋው› ብለህ ብቻ ብታቆም አምንህ ነበር። አንተ ግን ከንፈሩን ሲገለብጥ፣ መሬት ሲጭር፣ በላም ሲቀና አየሁ አልከኝ። እንደተማርከው ነው የተናገርከው። ይሄ ኮርማ ግን ያን አያደርግም። ስለዚህ ያላየኸውን ነው የነገርከኝ። ቁስሉ ከላይ ወደ ታች ነው። ቀንዱ ደም አልነካውም። ደሙ ከበሩ ውጭ ነው፤ ገለባ በትነህበታል። ዲጃ የሰማችው የሰው ድምፅ ብቻ ነው። ቁልፉ አንተ ጋ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ከክረምት ወዲህ ያልተነካ ያልከው ብረት አዲስ ታጥቧል። ከበሩ ውጭ ወጋኸው፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ገፋኸው።»

«እኔ ምን ጎድሎብኝ?» አለ ሃያቱ። የረጋው ድምፁ ግን ተሰነጠቀ።

«እሱን አንተ ንገረን።»

ሃያቱ የናሱሩ ደም የደረቀበትን አፈር አየ።

«መርፌ አያያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ተማሪዬ ነበር! እንግዶች ከዋና ከተማው ከያውንዴ ይመጣሉ፤ እጄን ይጨብጣሉ፤ ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግረው እያዩ ‹ናሱሩ የት አለ?› ይላሉ። በገዛ ቢሮዬ በር ጠባቂ ሆንኩ። አሁን ደግሞ የሚከፈተውን አዲስ የምርምር ማእከል እንዲመራ መርጠውታል። ዛሬ ሲነጋ ምን አለኝ መሰላችሁ? ‹ጋሼ፣ ምክትሌ ይሆኑልኛል?› ሊያከብረኝ ብሎ እኮ ነው! ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።»

ብረቱን ጠዋት ለምን በኪሱ ይዞ እንደወረደ ያዲኮ ስትጠይቀው እጁን ለካቴና ዘረጋ።

የፖሊሱ መኪና ሃያቱን ይዞ ሲርቅ ዲጃ ወደ ማይራሙ ሄደች። ሰው ሁሉ ትመታታለች ብሎ ፈራ።

«ሹክሹክታችሁ... ስለ ኮርማ ነበር?»

«ስለ ኮርማ ብቻ፣ እህቴ። ውጤቱ ሲወጣ መጀመሪያ ለዲጃ ነው የምነግራት ይል ነበር።»

ዲጃ አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች። ሬሳውን ወደ ቤት የሚወስደው መኪና ሞተሩን አስነስቷል፤ ቀብሩ ከፀሐይ መግባት በፊት ነው። ዲጃ መኪናው ላይ ወጥታ ከተቀመጠች በኋላ አጠገቧ ያለውን ቦታ በእጇ መታ መታ አደረገች።

«ነይ ግቢ» አለቻት። «መንገድ ላይ ስለ ሥራው ታጫውቺኛለሽ። እኔ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም።»