ሐ የተጻፈበት ቢከር

ዶክተር አምባቸው የሞቱት በምሳ ሰዓት ነው። ሰው ሁሉ ምሳውን ሊበላ በወጣበት ሰዓት፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍላቸው ውስጥ ማይክሮስኮፓቸው ላይ ግንባራቸውን ደፍተው ቀሩ። ቁስል የለ፣ ደም የለ። ሲገኙ ወለሉን እስከ ጉልበት የሚደርስ ነጭ ጉም ሸፍኖት ነበር።

ዋና ኢንስፔክተር የብርጓል ስትደርስ ጉሙ በንኖ፣ አስከሬኑም ተነሥቶ ነበር።

«ማን አንሡ አላችሁ?» ብላ ሁለቱን ፖሊሶች ልክ ልካቸውን ነገረቻቸው። የብርጓል ቁጣዋ ቶሎ ገንፍሎ ቶሎ ይበርዳል፤ ዐይኗ ግን ካየው ነገር ላይ በቀላሉ አይነቀልም። በሩ አጠገብ በጎኑ የወደቀ፣ ወገብ የሚደርስ የብረት ዕቃ አየችና ደጃፉ ላይ የቆመውን ረጅም ሰው ጠራችው። ኪሩቤል ይባላል፤ ዶክተሩ በክረምቱ የሚሰጡትን የክሪስታሎግራፊ፣ የክሪስታል ጥናት፣ ኮርስ ሊሠለጥን ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የመጣ መምህር ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፔርሙዝ እንለዋለን። ፈሳሽ ናይትሮጅን ይያዝበታል። ክሪስታሉን ኤክስሬይ ስናነሳ እናቀዘቅዝበታለን።»

«ቢፈስስ?»

«ተንኖ አየሩን ያባርረዋል። ክፍሉ ከተዘጋ፣ ሰው ሁለት ሦስቴ ይተነፍስና ሳይታወቀው ይወድቃል።»

«ዛሬ እዚህ ያስገባው ማን ነው?»

«የሳምንቱ ተረኛ ሐፍሳ ናት። ግን ጠዋት ስታስገባው በደንብ ቆሞ ነበር፤ ሁላችንም አይተናል።»

የብርጓል የበሩን መሸጎሪያ ነካካችው። ያለው በውጭ በኩል ነው። ጎንበስ ስትል ደግሞ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ጨው የሟሟበት ውሃ የያዙ አራት የመስታወት ቢከሮች አየች። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል ተጽፏል፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። በሦስቱ ውስጥ እንደ ስኳር የደቀቀ ነገር ሥሩ ላይ ዘቅጧል። ሐ በተጻፈበት ውስጥ ግን አውራ ጣት የሚያህል ጥርት ያለ ክሪስታል በክር ተንጠልጥሏል።

«እነዚህ ሦስቱ ምን ሆኑ?»

ኪሩቤል ቀረብ ብሎ አየና ፊቱ ጠቆረ። «የሁለት ሳምንት ልፋታችን! ክሪስታል ትልቅ ሆኖ የሚያድገው ውሃው በዝግታ ሲቀዘቅዝ ነው። ባንዴ ከበረደ እንዲህ ደቅቆ ይዘቅጣል። ናይትሮጅኑ ነው ያበላሸብን።»

«ታዲያ ይሄኛውን ለምን ማረው?»

ኪሩቤል ሐ ወደተጻፈበት ቢከር ጎንበስ አለ።

«እዚህ ስላልነበረ ነው» አለች የብርጓል። «አንድ ሰው ናይትሮጅኑን ከመድፋቱ በፊት የራሱን ቢከር አወጣ። ኋላ በጉሙ ውስጥ መልሶ ሲያስቀምጠው የሌሎቹን መበላሸት አላየም።»

ይህን ለአለቃዋ ለፖሊስ አዛዡ ስትነግረው በራሷ ደስ ብሏት ነበር። አዛዡ ግን እሷ ሳትጨርስ ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ፣ አራቱም ሠልጣኞች በቆሙበት፣ «ገዳዩ ሐ የተጻፈበት ቢከር ባለቤት ነው! የማን ነው?» ብሎ አምባረቀ። ፊደሉን ለእያንዳንዳቸው በጆሯቸው የነገሯቸው ዶክተሩ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን አያውቅም። ሰኞ የሚመጣው የውድድሩ ዳኛ የማን እንደሆነ ሳያውቅ ምርጡን ክሪስታል ይለያል፤ ባለቤቱም ለአንድ ዓመት ትምህርት ወደ ውጭ ይላካል። አዛዡ ይህን ሁሉ የሚሰማበት ትዕግሥት አልነበረውም። ሐ ማለት ሐፍሳ ነው አለና ካቴና አስገባላት።

የብርጓል በንዴት ወደ ውጭ ስትወጣ፣ የሐፍሳ አባት ጋሼ ኢድሪስ በሩ ላይ ቆመዋል። የልጃቸውን መታሰር የሰሙት ታንኳ ሲሠሩ ነው፤ ታንኳው የሚሠራበት የደንገል ስብርባሪ ከልብሳቸው ላይ አልረገፈም።

«ልጄ ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች አሉኝ» አሉ። «ማስረጃውን ያገኘሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው አንቺው ፍቻት።»

ሰውየው ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ንጹሕ ሰው በራሷ ብልጠት እስር ቤት ከገባ፣ ከዚህ በኋላ ማዕረጓን ትከሻዋ ላይ አድርጋ በዚህ ከተማ እንዴት ልትሄድ ነው?

አራቱንም ለየብቻ ጠየቀቻቸው። ከፋብሪካ ላብራቶሪ የመጣችው ሀኒ እንባዋን እየጠረገች፣ «የኔ ሀ ነው» አለች። «ምሳ ከኪሩቤል ጋር ነበርኩ።» ኪሩቤል «መ» አለ። የዱርቤቴው መምህር አካሉ እጆቹን አጣምሮ፣ «የእኔ ለ ነው» አለ።

«በምሳ ሰዓት የት ነበርህ?»

«ራሴን አሞኝ ማደሪያዬ ተኝቼ ነበርሁ።»

መጨረሻ ላይ ሐፍሳ ገባች። «የእኔ ለ ነው» አለች።

«አካሉም ለ የእኔ ነው ይላል።»

«እንግዲያው ከሁለታችን አንዳችን ዋሽተናል።»

«በምሳ ሰዓትስ?»

«ሐይቁ ዳር የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን ሰገድሁ። ከአላህ በቀር ያየኝ የለም።» አላለቀሰችም፤ ካቴናው የነካውን የእጅ አንጓዋን ብቻ ታሻሽ ነበር።

የብርጓል የዶክተሩን ጠረጴዛ ፈትሻ አንድ ወረቀት አወጣች። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉንም፣ አዛዡንም ጋሼ ኢድሪስንም ጨምራ፣ ላብራቶሪው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሐ የሐፍሳ ስም መነሻ ነው ተባለ» ብላ ጀመረች። «ደግ። ታዲያ መ እንዴት የኪሩቤል ሆነ? በለ የሚጀምር ስም ያለው ሰውስ ከመካከላችሁ ማን ነው?»

የብርጓል ከጠረጴዛው ያወጣችውን ወረቀት ዘረጋች።

«ማንም የለም። ፊደሎቹ የስም መነሻ አይደሉም፤ ተራ ቁጥር ናቸው። ሀ አንደኛ፣ ለ ሁለተኛ፣ ሐ ሦስተኛ፣ መ አራተኛ።»

«በምን ተራ?» አለ አዛዡ።

«ዶክተሩ በእጃቸው በጻፉት የስም መጥሪያ። ሰው ሁሉ ስም እንደሚደረድረው በፊደል ቅደም ተከተል ነው የጻፉት። አንብበው፣ ኪሩቤል።»

«አንድ፣ ሀኒ።»

«ሀ ነው ብላለች። ገጠመ። አራተኛው?»

«እኔ ነኝ።»

«መ ነው ብለሃል። ገጠመ። መሐል ያሉት ሁለቱስ?»

ኪሩቤል ወረቀቱን ወደ ዐይኑ አቀረበ። «ሁለት፣ ሐፍሳ። ሦስት... አካሉ።»

አካሉ ሊስቅ ሞከረ። «ዶክተሩ በፈለጉት ተራ ሊያድሉን ይችሉ ነበር። ይሄ ወረቀት ብቻ ነው።»

«ልክ ብለሃል» አለች የብርጓል። ሐ የተጻፈበትን ቢከር አንሥታ ወደ መታጠቢያው ሄደች። «ባለቤት ከሌለውማ ምን ያደርጋል?» ብላ ዘንበል አደረገችው። ክሪስታሉ ከመስታወቱ ጋር ተጋጭቶ ቅጭል አለ።

«ይተዉት!» አካሉ ሁለት ወንበር ጥሎ ደረሰባት። «ሁለት ወር የደከምሁበት ነው!»



«ኮርሱ ከተጀመረ እኮ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው» አለች ሀኒ፣ ቀስ ብላ።

አካሉ መሬት ላይ ቁጭ አለ። የብርጓል ቢከሩን በቦታው መልሳ ቆማ ጠበቀችው።

«ጅምሩን ክሪስታል ኮርሱ ሳይጀመር ሌላ ቦታ አሳድጌ ነው ያመጣሁት» አለ። «ዶክተሩ በማይክሮስኮፕ አይተው ደረሱበት። በምሳ ሰዓት ጠሩኝና ስምህን እሰርዛለሁ፣ ቢከርህን ይዘህ ውጣ አሉኝ። አወጣሁት። ከዚያ ተመልሼ ፔርሙዙን ገፋሁት፤ በሩን ሸጎርሁት፤ ኋላ ከፍቼ ቢከሬን በቦታው መለስሁት። እሳቸው ከሌሉ የሚያውቅ አይኖርም ብዬ ነበር።»

የብርጓል የሐፍሳን ካቴና በራሷ እጅ ፈታች። ጋሼ ኢድሪስ ልጃቸውን በክንዷ ይዘው ወደ በሩ ሲያመሩ፣ ሐፍሳ መንገድ ላይ ቆመችና ወደ አካሉ ዞረች።

«ቢከሩን ይዘህ ስትወጣ ዶክተሩ ምንም አላሉህም?»

አካሉ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ራሳቸው ተነሥተው በሩን ያዙልኝ» አለ። «‹ቀስ በል፣ ክሪስታሉ እንዳይነቃነቅ› አሉኝ።»

ሐፍሳ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።