ደህና ነን ያሉት የሥር ሰፈር ሰዎች

የጠዋቱ አየር እንደ ልማዱ ዘግይቶ ደረሰ። ትርሲት የቢሮዋ ግድግዳ ላይ ያለው መተንፈሻ እስኪከፈት አፏን ገጥማ ጠበቀች፤ ሲከፈት ሳበች፤ ሥራዋን ጀመረች። ሰዉ ፀሐይ ሽሽት ከምድር በታች ገብቶ ጥላ የምትባለውን ከተማ ከቆረቆረ ወዲህ በዚህ የሚገረም የለም። መቼም ሰው የማይለምደው ነገር የለ!

ሥራዋ መመሪያ መገምገም ነው። ምክር ቤቱ አንድን አዲስ መሣሪያ ለማስረጃነት ከመቀበሉ በፊት፣ ገምጋሚ የመሣሪያውን መመሪያ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ሞክሮ «የተጻፈው እውነት ነው» ብሎ መፈረም አለበት። የዛሬው መሣሪያ ቃል ጠሪ ይባላል። በምክር ቤቱ አስረጂ መድረኮች ላይ ሕዝብ የተናገረውን ሁሉ አስሶ፣ በተናጋሪው በራሱ ድምፅ መልሶ የሚያሰማ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ላለፉት ዓመታት ለሙከራ ሲሠራ ቆይቷል።

ከሰዓት በኋላ ምክር ቤቱ የቃል ጠሪን ማስረጃ ይዞ ድምፅ ይሰጣል፤ የሥር ሰፈር አየር በግማሽ ተቀንሶ በላይኞቹ ወለሎች ለሚሠሩት አዳዲስ ቤቶች ይሰጥ ወይስ አይሰጥ። ሥር ሰፈር ከሁሉም በታች ያለው ወለል ነው። የትርሲት አባት፣ ጋሽ ይርዳው፣ ብቻቸውን እዚያ ይኖራሉ። ይህን ስታስብ መደንገጥ ነበረባት፤ አልደነገጠችም። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ነገር ሁሉ ወፍራም ጋቢ እንደተከናነበ ሰው ከሩቅ ነው የሚሰማት።

መመሪያው «ቃል ጠሪ ከተነገረው አንድም አያስቀርም» ይላል። ልትሞክረው ጠየቀች።

«የሥር ሰፈር ነዋሪዎች ስለ አየራቸው ምን አሉ?»

«ቅሬታ አልቀረበም» አለ ቃል ጠሪ። «ሁሉም ደህና ነው ብለዋል።»

«ወይ ጉድ!» አለች፤ አባባሏ ግን የተገረመ ሰው አባባል አልነበረም። ድምፆቹን ከፈተች። «ተመስገን፣ ደህና ነው» አለች አንዲት ሴት። «ምን ጎድሎብን! ደህና ነን» አለ አንድ ጎልማሳ። ቀጥሎ የአባቷ ድምፅ መጣ፦ «ደህና ነው፣ ይመስገን። እናንተስ ደህና ናችሁ?»

አለቃዋን ጋሽ ደርበውን ጠራቻቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሰሙና ሳቁ።

«በቃ፣ ስህተቱን አገኘሽው! ማሽኑ ሰላምታውን መልስ አድርጎ ወስዶታል። የኛ ሰው መች ብሶቱን ያስቀድማል? መጀመሪያ ተመስገን ይላል፤ ሆዱን የሚፈታው በኋላ ነው። ሙሉውን ቅጂ ክፈቺው፣ ከኋላ ይኖራል።»

ከፈተችው። ሰብሳቢዋ አየሩ እንዴት እንደሆነ ጠየቁ፤ አባቷ ደህና ነው አሉ። «እናመሰግናለን። ቀጣይ!» አሉ ሰብሳቢዋ። ከኋላ ምንም የለም። የሌሎቹም እንዲሁ ነበር።

ትርሲት ከቃል ጠሪ በፊት ከተደረጉት መድረኮች አንዱን አስወጣች። ያኔ ሰብሳቢው አንድ ድምፀ ጎርናና ሽማግሌ ነበሩ። «ደህና ናችሁ?» አሉ። «ተመስገን» አለ ሕዝቡ። «እውነት ደህና ናችሁ?» «ይመስገን፣ ምን እንላለን።» «ኧረ በሞቴ ንገሩን! ምን ይዛችሁ መጣችሁ?» ይኼኔ አዳራሹ ተደበላለቀ። «እንዴት ብለን ደህና እንሆናለን! ልጆቻችን ታፍነው ሊያልቁ ነው!» አለች አንዲት እናት። ከዚያ መድረክ በኋላ የሥር ሰፈር አየር ተጨምሮ ነበር።

መመሪያውን ወደ ኋላ ገለጠች። ለመድረክ መሪዎች የተጻፈው ምክር እንዲህ ይላል፦ «ጥያቄ አንድ ጊዜ ብቻ ይቅረብ። ድግግሞሽ ፍለጋውን ያዘገያል።»

ጋሽ ደርበው አነበቡት። ሳቃቸው ጠፋ።

«እንግዲህ ማሽኑ አልዋሸም» አሉ።

«አልዋሸም።»

«መመሪያውም ልክ ነው። የተባለውን በሙሉ ያመጣል፤ ያልተባለውን ከየት ያምጣው? ፈርሚ እንግዲህ። እውነት ሆኖ ሳለ እምቢ ካልሽ ከሥራ ያስወጡሻል።» ቀጥለውም ተናደዱ። «ሰዎቹስ ቢሆኑ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰሙም? ምነው አፍ አውጥተው ቢናገሩ?»

«አልተጠየቁማ።»

«ተጠይቀዋል እንጂ!»

«አንዴ።»

ይህን ስትል እጇ መፈረሚያው ላይ ቆመ። እሷስ በየቀኑ ስትደውል አባቷን ስንቴ ነው የምትጠይቀው? ስልኳን አነሳችና ደወለች።

«ደህና ነህ አባዬ?»

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን። አንቺስ?»

ሌላ ቀን ቢሆን እዚህ ላይ «ደህና» ብላ ትዘጋለች።

«እውነት ደህና ነህ?»

«ምነው? ምን ሰማሽ?»

«ምንም አልሰማሁም። መጠየቄ ነው። አየሩ እንዴት ነው? በሞቴ ንገረኝ።»

ረጅም፣ የሚያፏጭ ትንፋሽ ተሰማ። «ኧረ ልጄ… ተቀምጬ ነው የማድረው። ጋደም ካልኩ ያፍነኛል። እናትሽም የመጨረሻዋን ክረምት እንደዚሁ ነበር ያሳለፈችው።»

ትርሲት ወንበሩን ያዘች። «እማዬ? እሷ እኮ ልቧ ነው ያላችሁኝ!»

«ልቧማ ጤነኛ ነበር።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ምን እናድርግ? አንዴ ጠይቀሽ ትዘጊያለሽ። ቸኩላለች፣ ሥራ ላይ ናት፣ አናስጨንቃት እንባባል ነበር።»

እንባዋ ሳታስበው መጣ። በእናቷ ቀብር ላይ እንኳ ያላለቀሰችው ትርሲት ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ አመማት፤ መታመሟ ራሱ አስገረማት። መመሪያውን ሳትፈርም ወደ ጋሽ ደርበው ገፋችው።

«አልፈርምም። ያለ ፊርማ ማስረጃ አይሆንም፣ ዛሬም ድምፅ አይሰጥም። መድረኩ እንደገና ይጠራ፤ ሰዎቹም ደጋግመው ይጠየቁ።»

«ስህተቱ ምኑ ላይ ነው ቢሉኝ ምን ልበል?»

«ማሽኑ ላይ የለም። እኛ ላይ ነው ይበሏቸው።»

ጋሽ ደርበው መመሪያውን ይዘው ቀስ ብለው ወጡ።

«ትርሲት?» አሉ አባቷ በስልኩ ውስጥ። «አለሽ? ዘጋሽው እንዴ?»

«አለሁ አባዬ። ዛሬ አልቸኩልም። ስለ እማዬ ንገረኝ።»